ፎቶ ያነሣነው ውሃ

የመጀመሪያውን ውሃ የቀዳሁት ከአውሮፕላን ሜዳው ነው። ያኔ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል የተዘረጋ ሣር ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላም ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ገበያተኛው ሸክሙን ይዞ ያቋርጠዋል። ዝናብ ሲጥል ዳር ዳሩ ላይ ውሃ ያቁራል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ከሆሳዕና በኩል ተመድቤ የመጣሁ ጀማሪ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነበርኩ፤ ሥራዬም በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከጧት እስከ ማታ ደም ማየት። ሰው ትኩሳት ይዞት ይመጣል፣ ጣቱን እወጋለሁ፣ ደሙን ስላይድ ላይ አደርቃለሁ፣ ቀለም አፈስበታለሁ፣ ወባ አለበት ወይም የለበትም ብዬ ጽፌ እሰጣለሁ። እንዲህ ሲያዩ መዋል ዓይን ያደክማል ይባላል። እኔን ዓይኔን አላደከመኝም። የደከመኝ በዚያች ክብ ብርሃን ውስጥ የማየው ነገር ሁሉ የሰው ሕመም መሆኑ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ በልቼ ስመለስ ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ኪሴ ውስጥ አገኘሁ። ከሜዳው ዳር ላም የረገጠችው ጉድጓድ ውስጥ አረንጓዴ ውሃ ቆሟል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ ቀዳሁ። ገብቼ በሬን ዘጋሁና አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አኖርኩ።

ትምህርት ቤት አሜባና ፓራሜሲየም በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተሥለው አይቻለሁ፤ ለፈተና አጥንቻቸዋለሁ። የሚዋኙ መሆናቸውን ግን የነገረኝ አልነበረም። የነገረኝ ቢኖርም አልሰማሁትም። በዚያች ጠብታ ውስጥ አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ከቅጠል ፍርፋሪ ላይ ተጣብቆ አፉን ይከፍታል። አረንጓዴ ኳስ እየተንከባለለ መጣ፤ ሆዱ ውስጥ ትንንሽ ኳሶች ይዟል። እየሳቅኩ መሆኔን ያወቅኩት በሩ ሲንኳኳ ነው።

ያንኳኳው የመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ ነበር። እሱም እንደኔ ከሩቅ የተመደበ፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠኝ፣ ሚስቱና ሕፃን ልጁ አብረውት የሚኖሩ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ጓደኛዬ እያልኩ የምጠራው ሌላ መጠሪያ ስላላገኘሁለት ነው።

«ብቻህን ምን ያስቅሃል?» አለኝ።

«ና፣ እየው።»

ዓይኑን ደቅኖ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኗል።

«ይሄ ሁሉ ከላም ኮቴ ውስጥ ነው?»

«ከላም ኮቴ ውስጥ።»

«እኔ ካሜራ አለኝ» አለ።

ካሜራው የሩሲያ ሥሪት ነው፤ ወታደር ከነበረ አጎቱ የደረሰው፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ። እንዲህ ተጀመረ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌላው ሠራተኛ ሲወጣ እኛ ላብራቶሪ እንቀራለን። እኔ ጠብታውን አዘጋጅቼ የሚንቀሳቀሰውን ነገር እያባረርኩ መሃል ላይ አመጣለሁ፤ እሱ ካሜራውን ከማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደግፎ ትንፋሹን ይይዛል። «አሁን!» እላለሁ፣ ይጫናል። በዚያ ቅጽበት ግን ፍጥረቱ ሄዷል።

የመጀመሪያው ፊልም አዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ እንደ ፈተና ውጤት ጠበቅነው። የመጣው ጥቁር ነው። ፊልሙን ወደዚያ የላከልን የጂንካው ፎቶ ቤት ባለቤት አዘነልን። «ሠርግ ነበር እንዴ?» አለን። ጓደኛዬ «አዎ፣ ሠርግ ነበር» አለው። መንገድ ላይ እስክንደርስ ሳቃችንን አፍነን እዚያ ፈነዳን።

ሁለተኛውም ጥቁር፣ ሦስተኛው ደግሞ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ቀስ በቀስ ተማርን። ከካርቶን ጥቅል ማገናኛ ሠራን፣ ዳሩን ብርሃን እንዳይገባበት በጥቁር ጨርቅ ጠቀለልነው፤ ጠብታው ውስጥ የጥጥ ክር ብንጨምር ፍጥረቱ ክሩ መሃል ተይዞ ለአፍታ እንደሚቆም ደረስንበት። የመጀመሪያው እውነተኛ ፎቶ ሲመጣ ጓደኛዬ የፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አቀፈኝ። ፎቶው ላይ ያለው በሳይንስ ስሙ ሮቲፈር ይባላል፤ ራሱ ላይ ሁለት ጎማ የሚሽከረከር ይመስላል፣ በዚያም ምግቡን ወደ አፉ ይስባል። እኛ ግን ወፍጮ ነበር የምንለው። ለሁሉም ስም አወጣንላቸው፤ ጡሩምባ የሚመስለውን ጡሩምባ ነፊው፣ ዝም ብሎ እየተንሳፈፈ የሚውለውን ካድሬው አልነው። ይኼን ስም ያወጣው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የደቡብ ኦሞን መንገድ ሁሉ በውሃው ማወቅ ጀመርን። ካኮ በገበያ ቀን ስንሄድ ሰዉ ማርና ጎመን ሲገዛ እኛ ከመንገዱ በታች ካለው ኩሬ ብልቃጥ እንሞላለን። ለክትባት ዘመቻ ኮልቾ የወረድን ጊዜ ትዝ ይለኛል። መንደሩ ከኦሞ ወንዝ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ፈረንጆች መኪናቸውን አቁመው ገላቸውን በነጭ አፈር የተቀቡ ጎልማሶችን አሰልፈው ያነሣሉ። ክትባቱን ጨርሰን እኛ ሁለታችን ከመንደሩ ጀርባ ፍየል የሚጠጣበት ረግረግ ላይ ተንበርክከናል። ፈረንጆቹን ያመጣው አስጎብኚ ካሜራውን አየና መጣ።

«እናንተ ሰው አታነሡም እንዴ?»

«እናነሣለን» አለ ጓደኛዬ፣ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ። «እዚህ ውስጥ ናቸው።»

አስጎብኚው ብልቃጡን አየ፣ እኛን አየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ወደ ጂንካ እስክንመለስ ድረስ ጓደኛዬ «ሰው አታነሡም እንዴ» እያለ የሰውዬውን ድምፅ ሲያስመስል ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ የሳቅኩበት የለም። ይህን የምጽፈው እሱን ለማሞገስ አይደለም። የሆነው እንዲህ ስለነበር ነው።

ፎቶዎቹ ሲበዙ እሱ ዘንድ አስቀመጥናቸው፤ ካሜራውም ፊልሙም የሱ ነበርና። እኔ በዚያው ዘመን አገባሁ። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናት፤ ወላጆቿ ከወላይታ መጥተው ጂንካ የከተሙ ነጋዴዎች ናቸው። ስታገባኝ ስለ ውሃው ታውቅ ነበር። «ሌላው ወንድ ጫት ቤት ይሄዳል፣ አንተ ረግረግ ትሄዳለህ፤ ረግረጉ ይሻላል» ትል ነበር።

ግምገማው የመጣው እርጉዝ ሳለች ነው።

ግምገማ ምን እንደነበር ለማያውቅ ትንሽ ልናገር። ሥራ ይቆምና ሠራተኛው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ሌላውን ሂስ ያደርጋል፣ ራሱንም ግለ ሂስ ያደርጋል። ቀን ሁሉ ይፈጃል፣ አንዳንዴም ያድራል። ከዚያ የሚነሣ ይነሣል፣ የሚሾም ይሾማል። ያን ጊዜ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሊቀየር ነው የሚል ወሬ ነበር፤ መድኃኒት ጎድሏል የሚልም ነበር። ጓደኛዬ መድኃኒት ክፍል ስለነበር ሰሞኑን ፊቱ ጠቁሯል። ምን ሆንክ ስለው «ምንም፣ ሆዴን ነው» ይለኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ላብራቶሪ መምጣት አቆመ። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ተውኩት።

ስብሰባው ከወረዳ በመጣ ሰው ይመራ ነበር። የካርድ ክፍሉ ጉዳይ ተነሣ፣ ስለ ሰዓት ማርፈድ ተነሣ፣ አንዲት ነርስ አለቀሰች። ከዚያ ጓደኛዬ እጁን አወጣ። ስለ መድኃኒቱ ሊናገር ነው ብዬ ስለሱ ተጨነቅኩ።

«የላብራቶሪውን ባልደረባ በሚመለከት ሂስ አለኝ» አለ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ የላብራቶሪ ባልደረባ ነው ያለው፤ እሱም እኔ ነኝ።

«ማይክሮስኮፑ የሕዝብ ንብረት ነው። የሕዝብ ደም የሚመረመርበት ነው። ባልደረባችን ግን የኩሬ ውሃ፣ ከብት የረገጠውን ውሃ እያመጣ የግል ጉዳዩን ይሠራበታል። በበሽተኛ ጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ሊታይ ይገባል።» ከኮቱ የውስጥ ኪስ ፎቶዎቹን አወጣ። ወፍጮውን አየሁት። የካኮውን አረንጓዴ ኳስ አየሁት። ሰብሳቢው ተቀብሎ አገላብጦ አየና አጠገቡ ላለው ሰጠ። ከእጅ ወደ እጅ አዳራሹን ዞሩ። «ለተወሰነ ጊዜ እኔም ድርጊቱን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ፤ አንዳንዴም ተባብሬዋለሁ። ይህ የኔ ድክመት ስለሆነ ግለ ሂሴን አቀርባለሁ» አለና ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ወደኔ ዞረ። «ምን ትላለህ?»

ብዙ ማለት እችል ነበር። ስላይዱ በየጊዜው እንደሚታጠብ፣ ሌንሱ ውሃውን እንደማይነካ፣ በምሳ ሰዓቴ የጠበቀ አንድም በሽተኛ እንደሌለ። የተናገርኩት ግን ይህ ነው፦

«ካሜራው የሱ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ያለቀሰችው ነርስ ሳትቀር ሳቀች። ሰብሳቢውም ፈገግ አለና አንድ ነገር ጻፈ። ስለ መድኃኒቱ ጉዳይ በዚያን ቀን ማንም አላነሣም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሃና መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጓደኛዬ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆነ። ልሰናበት ቢሮው አልሄድኩም፤ እሱም ቤቴ አልመጣም። ሚስቱ ግን መጣች። ለባለቤቴ የሕፃን ልብስ ይዛ መጥታ ቁጭ አለች፣ ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

ሃና የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ነው። ከጂንካ ተነሥቶ በማጎ በኩል ቆላውን ወርዶ ነው የሚደረሰው፤ ያኔ መኪና የሚገኘው ሲገኝ ነው። እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ስወርድ የገንዲ ዝንብ ከሸሚዜ በላይ ሲነክሰኝ ዋለ። ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል ነው። ማይክሮስኮፑ በመብራት ሳይሆን በመስተዋት የሚሠራ አሮጌ ነበር፤ መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዙረህ ብርሃኑን ታስገባለህ፣ ደመና ከመጣ ትጠብቃለህ። በሽተኛውም ከኔ ጋር ደመናው እስኪያልፍ ይጠብቃል።

«አንድ ዓመት ብቻ ነው» ብለውኝ ነበር። የላኩኝ ሰዎች ራሳቸው ተዛወሩ፣ የተተኩትም ተተኩ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። በየጊዜው ዝውውር ጠየቅኩ። «ይታያል» ይሉኛል። ባለቤቴ ሥራዋም ቤቷም ጂንካ ነው፤ ሕፃን ይዛ ወደ በረሃ ልትወርድ አልቻለችም፣ እኔም አላስገደድኳት። መኪና ሲገኝ ቅዳሜ ወጥቼ እሑድ ቸርች ሄደን ሰኞ እመለሳለሁ። መኪና የማይገኝበት ወር ይበዛል፤ በክረምት መንገዱ ራሱ ይጠፋል።

ልጄ አፍ በፈታች ጊዜ አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኳሁ። እሷ ከፈተችልኝ። አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ «እማዬ፣ እንግዳው መጣ» አለች። ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ «አባባ በይ! አባባ ነው!» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። አቅፌ ላባብላት ስል ይበልጥ አለቀሰች። ባለቤቴ ስቃ ልታሳልፈው ሞከረች፣ እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ጓደኛዬን የረገምኩትን እርግማን እንደ ክርስቲያን ልጽፈው አልችልም።

በሃና ብዙ ዓመት የኩሬ ውሃ አልነካሁም። ከዝናብ በኋላ ሜዳው ሁሉ በውሃ ይሞላል፤ ከብቱ ጠጥቶ ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል። አልፌው እሄዳለሁ። ውሃውን ሳይ ወዲያው የሚታየኝ አዳራሹ ነው።

ከዚያ ስልክ መጣ፤ ካሜራ ያለው ስልክ። ባለቤቴ ከጂንካ ገዝታ ላከችልኝ፤ የልጃችንን ፎቶ ልትልክልኝ ብላ ነው። አንድ ቀን በሽተኛ በሌለበት ሰዓት፣ ፀሐይዋ መስተዋቱ ላይ ደህና አርፋለች፣ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ከደጅ አንድ ጠብታ አምጥቼ ስልኩን ከማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደቀንኩ። ነካሁት። ፎቶው ወዲያው ታየ። ወፍጮው ከነጎማው፣ ከነጥርሱ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ምግብ ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ይኸው ነው? ካርቶኑ፣ ጥቁሩ ጨርቅ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ጥቁር ሆኖ የሚመጣው ፊልም፣ አንዱ ትንፋሹን ሲይዝ ሌላው የሚጮኸው፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ጣት የሚያልቅ ነገር ነበር? ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም ነበር። ሁለተኛ ሰው ባይኖር ሃና አልመጣም ነበር። እንዲህ እያልኩ ስብከነከን ዋልኩ። በማግሥቱ ግን ብልቃጥ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ አላቆምኩም። ያለ ምንም ሳቅ፣ እንደ ሥራ ያዝኩት። ከብት የሚጠጣበትን ኩሬ ሁሉ አውቃለሁ። አንድ ቀን ከነዚህ ኩሬዎች አንዱ አጠገብ ከብቶቹን የሚያጠጣ፣ ከአካባቢው የቦዲ ሕዝብ የሆነ ሽማግሌ አገኘኝ። ከዚያ በፊት ሚስቱን ወባ አሟት አምጥቷት ስለነበር ያውቀኛል። አማርኛው ጥቂት ነው።

«ምንድነው የምትወስድ?»

ስልኩን አውጥቼ ከዚያው ኩሬ ያነሣሁትን አሳየሁት። ብዙ አየ። በጣቱ ነካው።

«ይሄ የኔ ውሃ ነው?»

«አዎ።»

«ከብት ይሄን ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

«ድሮም ይጠጣ ነበር?»

«ድሮም።»

ስልኩን መለሰልኝ። «እኔን ፎቶ የሚያነሣ ፈረንጅ፣ ይጠይቀኛል» አለ። «አንተ ውሃዬን ሳትጠይቅ አነሣህ።»

ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀና በዱላው ወደ ኩሬው አመለከተኝ፤ ቅዳ ማለቱ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ፎቶዎቼ ከሰው ጋር በቅንነት ያወራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ሥራችንን የሚቆጣጠር ሱፐርቪዥን መጣ። ሁለት መኪና ሙሉ ሰው። ከመጀመሪያው መኪና የወረደው ጓደኛዬ ነበር፤ አሁን ዞን ላይ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ሆዱም ወጥቷል፣ ፀጉሩም ሸብቷል። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች አብረውት አሉ። እጄን ጨበጠ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ ሰው ፊት ሌላ ምን ይደረጋል? ላብራቶሪውን ሲጎበኙ ከእንግዶቹ አንዷ ከጠረጴዛዬ በላይ ያለውን ሰሌዳ አየች። ጥቂቶቹን ፎቶዎች ጂንካ አሳትሜ ለጥፌያቸው ነበር።

«ይሄን ማነው ያነሣው?» አለች። «በጣም ያምራል!»

አፌን ከመክፈቴ በፊት እሱ ጀመረ።

«የሱ ሥራ ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ? እኔና እሱ ጂንካ ወጣት ሳለን አብረን ነው የጀመርነው። በኔ ካሜራ! የሩሲያ ካሜራ ነበር። ፊልሙ ጥቁር ሆኖ ሲመጣ የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ምን ይለናል መሰላችሁ? ‹ሠርግ ነበር እንዴ?›» የሰውዬውን ድምፅ ልክ እንደ ድሮው አስመሰለው። እንግዶቹ ሳቁ። ስለ ኮልቾ ነገራቸው። ስለ ወፍጮው ነገራቸው። አንድም የቀረ ነገር የለም፤ ያ አዳራሽ ብቻ ነው የቀረው። ሲጨርስ ወደኔ ዞሮ «አይደል ወንድሜ?» አለኝ።

ሁሉም አዩኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ ነው፣ አልኩ። ፈገግም ብያለሁ መሰለኝ።

መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፎቶዎቹን በብሉቱዝ ላክልኝ አለኝ፣ ላክሁለት። ስልኩን እያየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዝውውርህን አያለሁ» አለኝ።

አየው። ያ ሁሉ ማመልከቻ ያላመጣውን ያ ራስ መነቅነቅ አመጣው። ዝናቡ ሳይገባ ደብዳቤው ደረሰኝና ጂንካ ተመለስኩ። ልጄ ያኔ ለዩኒቨርሲቲ ወጥታለች፤ እኔ ስገባ አልጋዋ ተነጥፎ ክፍሏ ባዶ ነበር።

ዝውውር የሠራልህን ሰው አለማመስገን ነውር ነው፤ ባለቤቴም «ሂድ» አለችኝ። ቢሮው ሄድኩ። ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ከላክሁለት ፎቶዎች ሁለቱ ትልቅ ሆነው በፍሬም ተሰቅለዋል። ሻይ አዘዘልኝ። ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ ያን ሁሉ ዘመን ስለማመደው የኖርኩት ጥያቄ ያለ ልምምድ አመለጠኝ።

«ያን ቀን ለምን አደረግከው?»

የትኛውን ቀን አላለኝም። ስኳሩን ሲያማስል ቆየ።

«የመድኃኒቱ ጉዳይ በኔ ላይ ሊነሣ ነበር» አለ። «እኔ ሳልነካው በኔ ላይ ሊያላክኩት። ሰብሳቢው ሌላ የሚይዘው ነገር ያስፈልገው ነበር። የነበረኝ አንተ ነህ።»

«የነበረህ እኔ ነኝ።»

«ልጅ ነበረኝ እኮ።»

«እኔም ሊወለድልኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እርጥብ መሰለኝ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ልመስክርለትም አልፈልግም። «አንድ ዓመት ብቻ ነው ብለውኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ... ባየሁህ ቁጥር የሚያሳፍር ነገር ነው። ሩቅ መሆንህ ቀለለኝ። ይኸው አሁን መለስኩህ አይደል?»

ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። ፍሬሞቹን ከግድግዳው ማውረድ ነበረብኝ። ሻዬን ጨረስኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፣ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ እንደ ባለጉዳይ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

አሁን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። አውሮፕላን በአዲሱ ማረፊያ ነው የሚያርፈው፤ እኔ የምቀዳው በነሪ ወንዝ ዳር ውሃ ከሚያቁሩ ጉድጓዶች ነው። ልጄ የገዛችልኝ ትንሽ ማይክሮስኮፕ አለኝ። በረንዳ ላይ አስቀምጬ ጧት ጧት አያለሁ፣ አነሣለሁ። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው። ጥሩ መሆናቸውን አውቃለሁ። ለማንም አላሳይም።

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ባልደረባችን አርፎ ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ጓደኛዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስኳር በሽታ አክስቶታል፤ ሚስቱም ካለፈች ቆይታለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ውሃውን ታነሣለህ አሁንም?»

«ትቼዋለሁ» አልኩት።

«ለምን?»

«ዓይኔ ደከመ።»

«ውይ» አለ። ከልቡ አዘነ። «አንድ ቀን እንኳ አብረን ብናይ ብዬ ነበር። ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ቀኑ አይመሽልኝም።»

ንፍሮ ይዘው የሚያዞሩ መጡ፣ ዘገንን፣ በላን።

ወደ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ ከሴቶቹ በኩል ሆና ሰምታኝ ኖሮ «ዓይንህ መቼ ደከመ?» አለችኝ።

እርምጃዬን ፈጠን አደረግኩ።

«ሰውዬው ብቻውን ነው እኮ። ደግሞ ይቅር ብያለሁ ብለህ ቸርች ውስጥ ቆመህ ተናግረሃል።»

«ተናግሬያለሁ።»

«እና?»

«እና ከልቤ አልነበረም» አልኳት። «ይቅር አላልኩም። ቢመጣ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። እኔንም ደስ ሊለኝ ይችላል። የፈራሁት ከሱ ጋር ደስ እንዳይለኝ ነው።»

ቆም ብላ አየችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ሃና ሆኜም ሆነ ከተመለስኩ ወዲህ፣ እንዲህ አይታኝ አታውቅም። «እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ዘመን ብቻዬን ስኖር የጠበቅኩት ይሄን ለመስማት ነው?» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ከኋላዋ ተከተልኳት። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ ጃንጥላው እሷ ዘንድ ነው፣ እሷም አላቆመችልኝም።